ዳማው እልልታ ሲሰማ

ሰው ሁሉ «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ቢላችሁ ደስ ይላችሁ ይሆናል። እኔን ግን ይህ ቃል ከስድብ በላይ አንገበገበኝ። የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ፍሬሕይወት እባላለሁ፤ ለቤተሰብ ፍሬ ነኝ። ነገሩ የሆነው ባለፈው ጥር፣ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ያን ጊዜ እንዴት ያለሁ ልጅ እንደ ነበርሁ የትምህርት ቤታችንን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አባላት ብትጠይቁ ይነግሯችኋል። ድምፅ ማጉያ አንዴ ከጨበጥሁ ከእጄ የሚያስጥለኝ አልነበረም።

ዘንገና ሐይቅን ላላያችሁ፦ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ በጠጠር መንገድ ገባ ሲሉ፣ ደን የከበበው ክብ ውሃ ነው። ከላይ ከአፋፉ ቆማችሁ ወደ ታች ነው የምታዩት። በጥር እንግዳው ሲበዛ ሚኒባሱም ባጃጁም እስከ አፋፉ ድረስ ይገባል። ጭሱ ከዛፉ ሥር ይተኛል፣ ጡሩምባው ጦጣዎቹን ያስበረግጋል፣ አንዳንዱማ ቁልቁል ወርዶ ውሃ ቀድቶ መኪናውን እዚያው ያጥባል። እኛ የክበቡ ልጆች አንድ ሐሳብ አመጣን። እሁድ እሁድ ሞተር ያለው ሁሉ አስፋልቱ ዳር ይቁም፤ ወደ ሐይቁ በእግር፣ በፈረስና በጋሪ ብቻ ይገባ። ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ተነሥቼ፣ «የፈረስ አገር ሰዎች ሆነን እንግዳችንን በባጃጅ ጭስ እናጥነዋለን?» ስል ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ አጨበጨቡልኝ። «እስቲ አንድ እሁድ ሞክሩት» ተባልን።

ያ እሁድ ደረሰ። በጠጠሩ መንገድ መግቢያ ላይ የባሕር ዛፍ አጣና አጋድመን፣ አንድ የክበባችንን ልጅ ጠባቂ አቆምን። ፈረሰኞች ከየቀበሌው መጡ። ከዳንግላ ደግሞ አያ አለነ የሚባል ባለጋሪ ጋሪውንና ፈረሱን በአይሱዙ ጭኖ መጣልን። ዳንግላ ሰው ገበያም ሐኪም ቤትም በጋሪ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ጋሪ ካስፈለገ የሚጠራው የዳንግላ ሰው ነው።

አባቴም ዳማውን አስጊጦ ደረሰ። ዳማው የአባዬ ፈረስ ነው። ቀይ ጥልፍ ያለው ልብስ ጀርባው ላይ ጣል ተደርጎበት፣ ልጓሙ እያብለጨለጨ ሲመጣ ሰው ስልኩን አወጣ።

«አባዬ፣ ዛሬስ በጣም አምረሃል!»

«እኔ ነኝ ወይስ ዳማው?»

«ዳማው።»

«እኮ! እንደሱ በይ።»

ዳማውን አባዬ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ያሳደገው ለግልቢያ ነው። በፈረሰኞች በዓል ጊዜ ፈረሶቹ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ሴቶቹ እልል ሲሉ ይፈተለካሉ። ዳማው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። እቤት ውስጥ እንኳ እናቴ ለጎረቤት ልጅ መወለድ እልል ስትል በረት ውስጥ ሆኖ መሬቱን በኮቴው ይቆፍራል። በዚህ ስንስቅ ነው ያደግሁት። ይህን የምነግራችሁ አላውቅም ነበር የምትል ልጅ እንዳልመስላችሁ ነው።

ጥቂት እንግዶች ተራ በተራ ዳማው ላይ እየተቀመጡ፣ አባዬ ልጓሙን ይዞ እየመራ ሲያመላልሳቸው ቆየ። ከዚያ ስልኩ ጮኸ። እናቴ ናት፤ ላማችን ምጥ ይዟት ጥጃው አልወጣ ብሏል። አባዬ ልጓሙን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

«እኔ በሚኒባስ ልሩጥ። አስፋልት ላይ ነው፤ ሕግሽን አልጣስሁም። እንግዳ ሲመጣ አስቀምጪና ልጓሙን ይዘሽ ቀስ ብለሽ ምሪው። ከእጅሽ እንዳትለቂው።»

«እሺ አባዬ።»

ጋሪ ላይ እንዳትጠምጂው አላለኝም። ፈረሱን ወጥ እንዳትሠሪው እንዳላለኝ ሁሉ ነው። የግልቢያ ፈረስ ጋሪ ሲጎትት ያየ ሰው በአገራችን የለም፤ ማን ያስበዋል?

እሱ እንደ ሄደ አንድ ባጃጅ አጣናው ሥር መጥቶ ቆመ። ነጂው ጌታሰው የሚባል የእንጅባራ ልጅ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ አጣናውን አንሺልኝ።»

«ዛሬ ባጃጅ አይገባም።»

«ማነው የከለከለው?»

«ቀበሌውና ክበቡ።»

«ክበቡ ደግሞ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

የቆመው ሰው ሳቀ። ጌታሰውም ሳቀ። «ይኸው! ያልመረጥናት መንግሥት መጣችልን!»

ከኋላ መቀመጫ ላይ፣ «ተው እንጂ ጌታሰው፣ ልጅ አታሳቅቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው የሳቡ አሮጊት ናቸው፤ እናቱ እማማ የሽወርቅ። በትራቸውን በሁለት ጉልበታቸው መካከል ይዘዋል። ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ እኔ እዚህ ሐይቅ አፋፍ ላይ ነው የተወለድሁት። አዘና ተድሬ ሄድሁ እንጂ ጉልበቴ እስኪከዳኝ ድረስ በየዓመቱ እየመጣሁ አየው ነበር። አሁን እንደምንም ልጄን አስቸግሬ መጣሁ። ለማየት ያህል ነው። በእግሬ አልደርስበትም፤ ፈረስ ላይም አልወጣም። በምን ልግባ?»

እውነቱን ልንገራችሁ? ያን ሁሉ ንግግር ሳደርግ፣ ያን ሁሉ ወረቀት ስለጥፍ፣ መራመድ የማይችል ሰው ሐይቁን ማየት እንደሚፈልግ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። አጣናውን ማንሣት ቀላል ነበር። ግን ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር፤ አንዴ ካነሣሁት ደግሞ ከኋላ የተሰለፈው ባጃጅ ሁሉ ሊገባ ነው። ስለዚህ ደረቴን ነፋ አድርጌ፣ «ጋሪ አለልዎ እማማ!» አልሁ።

ዳማውን እየሳብሁ ወደ አያ አለነ ሮጥሁ። ድርቆሽ እየበተነ ተቀምጧል።

«አያ አለነ፣ አንዲት እናት አሉ፤ አድርሰህ መልስልኝ።»

«ፈረሴ ከአይሱዙው ሲወርድ እግሩ ዞረበት። ሲያነክስ አታይም?»

አየሁት። የፊት እግሩን መሬት አላስነካ ብሏል።

«ሌላ ፈረስ ባመጣልህስ?»

«የማን?»

«የእኛ።»

ዳማውን ከእግር እስከ ጆሮው አየው። «ይሄ? ይሄ የጌታ ፈረስ አይደለም እንዴ! ጋሪ ለምዷል?»

«ለምዷል።»

ቃሉ ከአፌ የወጣው እንደ ሳል ነው። ሳላስበው።

«የናንተ አገር ሰው ደግሞ በእንዲህ ዓይነት ፈረስ ጋሪ ያስጎትታል?»

«አዎ፣ አንዳንዴ።»

ይኸው፣ ሁለተኛውን ደግሞ አስቤ ዋሸሁ። የዳንግላ ሰው ነው፤ የእኛን ቤት በምን ያውቃል? አመነኝ። ጥልፉን ልብስ አውልቄ ተሸከምሁት፤ እሱ ዳማውን በሁለቱ የጋሪ እንጨቶች መካከል አስገብቶ ጠመደው። ዳማው አንገቱን አዙሮ ከኋላው ያለውን ነገር አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ። ቆዳው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ይሄ ነው የለመደው?» አለ አያ አለነ።

«ሰው በዝቶበት ነው።»

ጌታሰው እናቱን አቅፎ ጋሪው ላይ አስቀመጣቸው። «ቀስ በሉ እሺ? እኔ ባጃጇን ጥዬ አልሄድም» ብሎ ቀረ። አያ አለነ ከፊት ተቀመጠ። እኔ ድምፅ ማጉያዬን ይዤ ከጎን ከጎን መሄድ ጀመርሁ።

መጀመሪያ ሁሉም ነገር ደህና ነበር። ዳማው ቀስ ብሎ መራመድ ያዘ። እማማ ጋሪው ላይ ሆነው ዛፉን ሁሉ እንደ ዘመድ ያሳዩኛል። «ይሄን ሲተክሉት አስታውሳለሁ። እዚያ ጋ የእናቴ ቤት ነበር። አሁን ሣር በቅሎበታል።» በአገውኛም የሆነ ነገር ብለው ብቻቸውን ሳቁ። መንገዱ ወደ አፋፉ ዘቅዘቅ ማለት ሲጀምር፣ በግራና በቀኝ የቆሙት እንግዶች ስልካቸውን አወጡ። ፎቶ ሊነሣ ነው! በዚያች ሰዓት ከእኔ የበለጠ ደስተኛ በምድር ላይ አልነበረም። ድምፅ ማጉያውን አፌ ላይ አደረግሁ።

«ክቡራን እንግዶች! ይኸው ያለ ጭስ! ይኸው ያለ ጡሩምባ! እማማ የሽወርቅን በእልልታ ተቀበሉልኝ!»

ብዬ መጀመሪያ እልል ያልሁት ራሴ ነኝ። በድምፅ ማጉያ።

ሕዝቡ ተቀበለኝ። ያን እልልታ እስካሁን እሰማዋለሁ።

ዳማው ጆሮውን አቆመ። ከዚያ ተፈተለከ።

አያ አለነ፣ «ያዘው! ያዘው!» እያለ ልጓሙን ሳበ። ሲሳብ ባሰበት። በበዓል ቀንም ፈረሰኛው ልጓሙን ሰብሰብ ሲያደርግ ነው ዳማው የሚብስበት። ሰው ጮኸ፤ ዳማው ጩኸቱንም ከእልልታ ቆጠረው መሰለኝ። ድምፅ ማጉያውን ጥዬ ሮጥሁ። «ዳማ! ዳማ!» እላለሁ፤ ድምፄ አይሰማም። የጋሪው ጎማ ድንጋይ ላይ ሲዘል፣ የእማማ ነጠላ በአየር ላይ ተንሳፍፎ ሲቀር አየሁ። ፊት ለፊት አፋፉ ነው። ከአፋፉ በታች ገደልና ውሃ ነው። «አምላኬ፣ እኔን ግደለኝ» አልሁ፤ እየሮጥሁ፣ ጮክ ብዬ።

ከአፋፉ ቀድሞ የተቆረጠ ዛፍ ጉቶ አለ። የቀኙ ጎማ እሱን መታና ጋሪው ተገለበጠ። አንደኛው እንጨት ተሰበረ። አያ አለነ በግንባሩ ወደቀ። ዳማው የተሰበረውን እንጨት እየጎተተ ትንሽ ሄዶ አፋፉ ላይ ቆመ፤ ወደ እኛ ዞረ። እያለከለከ ጠበቀን። አሸንፌ ገብቻለሁ፣ የታላችሁ? የሚል ይመስል ነበር። ከዚያ ቀን ሁሉ ነገር እንደሱ ሆዴን የበላኝ የለም። እሱ የተማረውን ነው ያደረገው።

እማማ ሣሩ ላይ በጎናቸው ወድቀዋል። ቀኝ እግራቸው መዞር በሌለበት በኩል ዞሯል። አላለቀሱም። «እግሬን አትንኩኝ» ብቻ አሉ። ጭንቅላታቸውን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ሰው ከቦናል፤ ሁሉም «መኪና! መኪና!» ይላል። መኪና ከየት ይምጣ? ሁሉንም አስፋልት ላይ ያስቆምሁት እኔ!

ጌታሰው ጩኸቱን ሰምቶ አጣናው ጋ ሲደርስ፣ ጠባቂው ልጅ «ፍሬ ሳትፈቅድ አላነሣም» እንዳለው በኋላ ሰማሁ። ጌታሰው አጣናውን ራሱ ወርውሮ ነው የገባው። ባጃጇ ጡሩምባዋን እየነፋች፣ ጭሷን እየተፋች እስከ አፋፉ መጣች። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

እማማን በጋሪው ሳንቃ ላይ አድርገን ባጃጇ ውስጥ አስገባናቸው፤ የሳንቃው ጫፍ በጎን ወጥቷል። እኔ እግራቸውን ደግፌ ተጎንብሼ ተቀመጥሁ። በየጉድጓዱ ያቃስታሉ። በየጉድጓዱ እኔም አብሬ አቃስታለሁ። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ዐይናቸውን ገለጡ።

«ውሃው ታየሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«እኔ ገና ቀና ሳልል ገለበጠኝ። አላየሁትም።»

ሆስፒታል ስንደርስ የጭናቸው አጥንት መሰበሩ ተነገረን። ግቢው ውስጥ ሰው ተሰብስቦ ነበር። አያ አለነ ግንባሩ ታሽጎለት ሲወጣ ጌታሰው ኮሌታውን ጨመደደው።

«ፈረስ መያዝ ካልቻልህ ምን ልትሠራ መጣህ? እናቴን ገደልሃት!»

«ወንድሜ፣ ለምዷል ተብዬ ነው...»

«ለምዷል ያልሁት እኔ ነኝ!» አልሁ። በጣም ጮኼ ነው ያልሁት። «እኔ ነኝ የዋሸሁት! እልል ያልሁትም እኔ ነኝ!»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። እጄም ልብሴም ጭቃ ነበር። አንዲት ነርስ ትከሻዬን ይዛ፣ «ደንግጣለች፤ ውሃ ስጧት» አለች። ጌታሰው እንኳ አያ አለነን ለቀቀና፣ «አንቺማ ምን አጠፋሽ፣ ልጅ ነሽ። ጭንቅላቷን ይዘሽ አልነበር?» አለኝ። ውሃ ሰጡኝ። ጠጣሁት። ምን ላድርግ?

ቤት ስገባ ፈረሰኞቹ ዳማውን አምጥተውልን፣ ጥጃውም በደህና ተወልዶ ነበር። ለአባዬ ሁሉንም ነገርሁት፤ ውሸቴን ሳልቀንስ። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝም በወደድሁ። ወጣና የዳማውን እግር አንድ በአንድ ዳሰሰ። ተመልሶ፣ «ፈረሱ የኔ ነው» አለ።

እማማ ባሕር ዳር ታክመው ጌታሰው ቤት ከተመለሱ በኋላ፣ አባዬ ሦስት ሽማግሌዎች ይዞ ሊክስና ይቅርታ ሊጠይቅ ሄደ። እኔም ተከተልሁ። ደጃፉ ሲደርስ አባዬ ጎንበስ ብሎ ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ አነሣና ማጅራቱ ላይ አደረገ። በአገራችን በዳይ እንደዚያ ነው የሚገባው። አባቴ፣ በፈረሰኞች ሁሉ ፊት ቀና ብሎ የሚሄደው አባቴ፣ አጎንብሶ የባጃጅ ነጂ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«ፈረሱ የኔ ነው፣ ጥፋቱም የኔ ነው» አለ።

«አባዬ፣ አይደለም! እኔ ነኝ!»

አንደኛው ሽማግሌ፣ «ልጅ በሽማግሌ መሀል አትገባም» አሉ።

እማማ አልጋ ላይ ሆነው ሰምተዋል። «ድንጋዩን አውርዱለት» አሉ። ከዚያ፣ «ልጅቱን አቅርቡልኝ።»

ገባሁ። ፊታቸው ከስቷል። አልጋው አጠገብ ተንበረከክሁ።

«ፈረሱ ጋሪ እንዳልለመደ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እልልታ እንደሚያስነሣውስ?»

«አውቅ ነበር እማማ። በደስታ ረሳሁት።»

ሽማግሌዎቹ፣ «ኧረ ልጅ ናት፣ የእግዜር ቁጣ ነው እንጂ» ማለት ሲጀምሩ እማማ እጃቸውን አነሡ።

«አይደለም። የሷ ጥፋት ነው» አሉ።

ከዚያ ቀን በፊት ያልወጣልኝ ልቅሶ ያን ጊዜ ወጣልኝ። በመጨረሻ አንድ ሰው አመነኝ! አልቅሼ እስክጨርስ ጠበቁኝና ፍርዳቸውን ሰጡ። «እኔ ሐይቁን ላይ መጥቼ አላየሁትም። አሁን መቀመጥም አልችል። አንቺ ቅዳሜ ቅዳሜ ሂጂና አይተሽ መጥተሽ ንገሪኝ። እስክነሣ ድረስ።»

ይኸው እስካሁን እሄዳለሁ። በእግሬ ነው የምሄደው፤ አንዳንዴ አባዬ ዳማው ላይ አስቀምጦ ይመራልኛል። መጀመሪያ ሰሞን «ሰማያዊ ነው፣ ያምራል» ብዬ እጨርስ ነበር። «ይሄንንማ በቴሌቪዥንም አያለሁ» ይሉኛል። ስለዚህ መንገድ ላይ እንዳይጠፋብኝ የማየውን መጻፍ ጀመርሁ። ነፋሱ ውሃውን ከየት በኩል እንደሚያሸበሽበው፣ የትኛው ቅርንጫፍ እንደ ወደቀ፣ ጦጣዋ ከማን ላይ ዳቦ እንደ ነጠቀች። አሁን ጽሑፍ ትምህርት ላይ አስተማሪዬ ጽሑፌን ለክፍሉ ታነባለች። ደስ ይለኛል፤ መደበቅ የማልችለው ደስታ ነው። ከዚያ ይህ ደስታ ከማን አጥንት እንደ መጣልኝ ትዝ ይለኝና አንገቴን እደፋለሁ። እማማ ድሮ በበትር ቤተ ክርስቲያን ይሳለሙ ነበር። አሁን ከአልጋ እስከ ደጃፍ በጌታሰው ክንድ ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ዘንገና ስትመጡ መኪናችሁን አስፋልቱ ላይ አቁሙ። አሁንም እለምናችኋለሁ፤ ሐሳቤን አልለወጥሁም። እሁድ እሁድ አጣናው አሁንም ይጋደማል። ግን መራመድ ለማይችል ሰው አንዲት ባጃጅ ቀስ ብላ ትገባለች፤ ይህን ቀበሌው ፊት ቆሜ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ንግግሬ አጭር ነበር፤ ማንም አላጨበጨበም። ጋሪ የሚጎትተውም ጋሪ የለመደ ፈረስ ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ቆሞ ይመሰክራል። በዚያች ባጃጅ ጌታሰው እናቱን ሊያደርሳቸው ጠይቋቸው ነበር። «በእግሬ ልቆምና ልየው» ብለው እምቢ አሉት። ይቁሙ አይቁሙ ሐኪሙም አያውቅም።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ፈተና ነበረብኝና ሳልሄድ ቀረሁ። እማማን ግን ማሳዘን አልፈለግሁም። ቤቴ ቁጭ ብዬ ጻፍሁላቸው፤ ፀሐይዋ ውሃው ላይ እንደ ወርቅ ስትበተን፣ ወፎቹ በአንድ ላይ ሲነሡ። ሳነብላቸው ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ዛሬ አልሄድሽም» አሉ።

«እንዴት አወቁ?»

«በጣም አሳመርሽው።»

ማፈሬን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። በማግስቱ፣ እሁድ ማለዳ፣ ሄድሁ። ብርዱ ጣቴን አደነዘዘው። አፋፉ ላይ ብዙ ቆምሁ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደሳቸው ወረድሁ።

«እህሳ፣ ምን ይመስላል?»

«ጭጋግ ነው እማማ። ውሃው ጨርሶ አይታይም።»

ትራሳቸው ላይ ተመቻችተው ተኙና፣ «አዎ፣ በዚህ ወራት ማለዳ እንደሱ ነው» አሉ። «ቀጥዪ።»